ጨርቋን ከመጣሏ በፊት

(ኻልዴ ውስጥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰቡ እህቶች የተደረገ ንግግር)

ያለቻችሁ ዕረፍት ይህች አንዲት እሑድ እንደሆነች አውቃለሁ። ግማሻችሁ ከዚህ ወጥታችሁ ብር ልትልኩ ነው፤ ግማሻችሁ ዳውራ ወርዳችሁ በርበሬና ሽሮ ልትገዙ ነው። ስለዚህ ብዙ አላስረዝምም። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ግን ዝም እላለሁ፤ ኻልዴ ተቀምጦ ከአውሮፕላን ጋር መሽቀዳደም አይቻልም።

ሲስተር እንድናገር የጠየቁኝ ስለ አእምሮ ሕመም ነው። ከባዱን ማለቴ ነው። ስለ ናፍቆት፣ ስለ ድካም፣ ስለ ማዳም ጩኸት ሌላ ቀን እናወራለን። ዛሬ የማወራው «አበደች» ስለምንላት እህት ነው።

ከኮንትራት ቤት ወጥቼ ፍሪላንስ በምሠራበት ጊዜ እዚሁ ኻልዴ፣ ከአሮጌው የሳይዳ መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ክፍል ለአምስት ተከራይተን እንኖር ነበር። አምስተኛዋ የደሴ ልጅ ነበረች። ስሟን አልናገርም፤ እኛም ደሴዋ ነበር የምንላት። ሦስት ዓመት ከሠራችበት ቤት የስድስት ወር ደመወዟን ሳትይዝ የወጣች ናት። ሳቂታ ነበረች። ቡና ስታፈላ በረካውን ሳንጠጣ አታስነሳንም።

መጀመሪያ የሄደው እንቅልፏ ነው። ሌሊት ስነቃ ቁጭ ብላ አያታለሁ። «ምነው?» ስላት «እየሰማሁ ነው» ትለኛለች። ምን እንደምትሰማ አልጠየቅኋትም። በማግሥቱ ሦስት ቤት የማጸዳ ሰው ነበርኩ፤ ፊቴን አዙሬ ተኛሁ። በሳምንቱ እኛ የሠራነውን ወጥ መብላት ተወች፤ ራሷ የገዛችውን የታሸገ ዳቦ ብቻ ትበላለች። ከዚያ መስተዋቱን በፎጣ ሸፈነችው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ነቀለች፤ ዜና የምታነበው ሴትዮ ስለ እኔ ታወራለች አለች። ገላዋን መታጠብ አቆመች። ይህ ሁሉ ሦስት ሳምንት ያህል ወሰደ። ሦስት ሳምንት፣ ፍራሽ ለፍራሽ ተጠጋግተን ተኝተን!

እኛ ምን አልን መሰላችሁ? አንዷ ፍቅር ነው አለች፤ የሚደውልላት አንድ ሰው ነበርና። አንዷ ቡዳ በልቷት ነው አለች። አንዷ ደግሞ አገር ቤት እንዲልኳት ብላ ነው የምታስመስለው አለች። ከሁሉም የባስኩት እኔ ነኝ፤ «ኪራይ ላለመክፈል ነው» አልኩ።

አንድ ሌሊት ባልኮኒ ላይ ወጥታ ጮኸች። ጎረቤት ተነሣ፤ ናጡሩ መጥቶ በራችንን ደበደበ። ከአምስታችን ኢቃማ ያላት አንዷ ብቻ ነበረች፤ ፖሊስ መጣብን ብለን ነፍሳችን ወጣች። ጎትተን አስገባናት። አፏን በእጄ አፈንኩ። በጥፊ መታኋት። ከዚያ እጆቿን በነጠላ አሰርናቸው። ነጠላው የእኔ ነበር፤ እናቴ ለጥምቀት የላከችልኝ። ሁለት ሌሊት እንደታሰረች አደረች።

በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ ልጅ ለማንም ሳትነግር ወደ አንዲት መነኩሲት ሄደች። መነኩሲቷ መጡ። «ፍቷት» እንኳ አላሉንም፤ ራሳቸው ተንበርክከው ነጠላውን ፈቱት። ሐኪም ዘንድ ወሰዷት፤ ተኝታ ታከመች። ስትወጣ ከስታ ነበር፣ ዝምታ አብዝታ ነበር፣ ግን እሷው ራሷ ነበረች። ከወራት በኋላ «ከዚያን ጊዜ የምታስታውሺው ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ድምፆቹን ረስቻቸዋለሁ» አለችኝ። «ነጠላውን አስታውሳለሁ።»

ንስሓዬን ለአባ ተናግሬዋለሁ፤ እዚህ የቆምኩት ለዚያ አይደለም። ይህን ያነሣሁት ከአምስታችን አንዳችንም ክፉ ስላልነበርን ነው። ሲርባት የምናበላት፣ ስትታመም ለመድኃኒት ገንዘብ የምናዋጣ እህቶቿ ነበርን። ወባ ቢሆንባት ኖሮ በሁለተኛው ቀን ክሊኒክ ትሄድ ነበር። ይህኛውን ግን ሕመም መሆኑን አላወቅንም። እስክትጮህ ጠበቅናት፤ ስትጮህ ደግሞ አሰርናት።

እስኪ አማርኛችንን ተመልከቱት። ሰው አበደ ለማለት «ጨርቁን ጣለ» እንላለን፤ «ለየለት» እንላለን። ቃላችን የሚጀምረው በሽታው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ነው። ጨርቅ ከመጣሉ በፊት ላሉት ሳምንታትና ወራት ስም አልሰጠናቸውም። ስም ስለሌላቸውም «አመል አወጣች»፣ «ኮራች»፣ «ሰነፈች» እያልን እናልፋቸዋለን። ማዳምም በበኩሏ «መጅኑኔ» ትላለች፤ እሷ ግን ሳህን ስንሰብርም «መጅኑኔ» ስለምትል ከእሷ የምንማረው የለም።

በሽታውን የሚያክመው ሐኪም ነው፤ ቀድሞ የሚያየው ግን ጎረቤት ነው። ይህን እኔ ከራሴ ያመጣሁት አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል፤ ጠያቂዎቹ ቤት ለቤት ዞረዋል። ከዚያም ሌላ፣ ሰፈሩን ጠንቅቀው የሚያውቁ የአካባቢው ሰዎች «እንዲህ እንዲህ የሆነ ሰው ታውቃላችሁ?» ተብለው ተጠይቀዋል። ሐኪም ያልሆኑ፣ ዘመድ ጎረቤቱን ግን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን፣ ድምፅ የሚያሰማውንና ሰውን የሚያስጠረጥረውን ሕመም እነዚያ ሰዎች በደንብ ጠቆሙ። የስሜት ሕመም የያዛቸውን ግን፣ ዝም ያሉትን፣ ቤት የተኙትን፣ ያዘኑትን፣ ብዙ ጊዜ አላዩአቸውም። እነዚህ የተገኙት ሰው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ሲጠይቃቸው ነው። አብዛኞቹ ሕሙማን ደግሞ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር።

እኔ ይህን ስሰማ ያቺ ክፍላችን ትዝ አለችኝ። ደሴዋን ቢያንስ በመጨረሻ አየናት፤ ጮኻለች። ዝም ያለችዋንስ?

ስለዚህ ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ። ዋናው ነገር ለውጥ ነው። ከድሮም ዝምተኛ የሆነች ሴት ዝም ብትል ምንም አይደለም፤ ሳቂታዋ ስትዘጋ ነው መጠየቅ። እንቅልፍ ሲሄድ አስተውሉ፤ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ከሁሉ ቀድሞ ይሄዳል። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ስትሰማ፣ ምግቤ ተመርዟል ስትል፣ ሰዎች በስልኬ ይከታተሉኛል ስትል። (ይህን ስል ተጠንቀቁ፤ ማዳማቸው በካሜራ የምትከታተላቸው ስንቶች ናቸው። መጀመሪያ እውነት እንደሆነ አረጋግጡ።) ሌላው ደግሞ ሕመም የማይመስለው ነው፤ ድንገት ደስታ በደስታ የምትሆን አለች። ሳትተኛ አይደክማትም፣ ስታወራ አትያዝም፣ የስድስት ወር ቁጠባዋን በአንድ ቀን ለማያውቋት ሰዎች ስጦታ ትገዛበታለች፣ መንግሥትን የማስታርቅ እኔ ነኝ ትላለች። እኛ እንስቃለን፤ አንዳንዴም ስጦታውን እንቀበላለን። ከዚያ የምትመጣው ሐዘን ግን ከባድ ናት።

የምትጠፋብንም እሷ ናት፣ ያዘነችው። ከፍራሽ የማትነሣው፣ ልጇ ሲደውል ስልክ የማታነሣው፣ «እኔ ብኖርም ባልኖርም አንድ ነው» የምትለው። ዕቃዋን ማደል የጀመረች እህት፣ የጆሮ ጌጧን «ለአንቺ ይሁን» የምትል እህት ካየሽ እዚያው ተቀመጪና ጠይቂያት። «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ በግልጽ። ብጠይቃት ሐሳቡን እተክልባታለሁ ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። አትተክሉባትም። ሐሳቡ ካለ እሱን ይዛ ብቻዋን የቆየች ሴት ናት፤ የጠየቃት ሰው ሸክሙን አብሯት ይዟል። አዎ ካለችሽ ብቻዋን አትተያት፤ ከባልኮኒና ከመድኃኒት አርቂያት፣ ሰው ጥሪ።

ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳወጣው፣ ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ ባለው ጊዜ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ሊባኖስ ውስጥ ሞተዋል፤ በሳምንት ከአንድ በላይ ማለት ነው። ኤምባሲዎቻቸው 40ውን ራሳቸውን አጠፉ ብለው መዝግበዋል። ሁሉም በሕመም ሞቱ አልልም። የተቆለፈ በር አለ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ አለ፣ ዱላ አለ። ግን ከእነሱ መካከል ከአጠገባቸው ያለው ባልኮኒ ላይ ልብስ የምታሰጣ፣ ቋንቋቸውን የምታውቅ እህት የነበረቻቸው ይኖራሉ፤ ማየት ብናውቅበት ኖሮ እላለሁ።

አሁን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ልናገር፤ እሱም ያስፈራኛል። ዓለም ደቻሳን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ወጣቶቹ ካላወቃችሁ እወቋት። የሁለት ልጆች እናት ነበረች፣ የቡራዩ ሰው፣ 33 ዓመቷ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2012 ቤሩት፣ የገዛ አገሯ ቆንስላ ደጃፍ ላይ፣ አንድ ሰው እየደበደበ በግድ መኪና ውስጥ ሲያስገባት በስልክ ተቀረጸ። ቪዲዮው በማርች በቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለም ሁሉ አየው። ሰውየው የአእምሮ ችግር አለባት፣ ወደ አገሯ ልመልሳት ነበር አለ። ከዚያ የአእምሮ ሐኪም ቤት ገባች፤ ማርች 14 ቀን እዚያው ራሷን አጥፍታ ተገኘች።

እኔ ዓለም ታማ ይሁን አይሁን አልፈርድም፤ ከእናንተም ማንም እንዳይፈርድ። የማየው ቃሉን ነው። «የአእምሮ ችግር አለባት» የሚለው ቃል ሴትዮዋን ለማዳን ሳይሆን ለመጎተት ሲያገለግል በዓይናችን አይተናል። ደመወዜን ስጡኝ ብላ የምትጮህ ሴት አላበደችም። ሁለት ዓመት ከበር ያልወጣች ሴት ስታለቅስ አላበደችም። በ2024ቱ ጦርነት ቦምብ ሲወድቅ ቤቱ ተቆልፎባት የቀረች ወይም ከአሠሪ ተጥላ ባሕር ዳር ያደረች ሴት ዛሬም በር በኃይል ሲዘጋ ብትደነግጥ አላበደችም፤ ፈርታ ነው፣ ፍርሃቷም ምክንያት አለው። ይህን ለማዳምም፣ ለመክተቡም፣ ለፖሊስም መናገር አለብን። ደግሞም በደል የደረሰባት ሴት ልትታመም ትችላለች፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ደመወዟን መጠየቅ መብቷ ነው፣ መታከምም መብቷ ነው።

እንግዲህ ቤታችሁ ውስጥ ታመመች እንበል። ምን ታደርጋላችሁ?

ስልካችሁን አውርዱ። ከሁሉ በፊት ይህን እለምናችኋለሁ። የታመመች እህታችን መንገድ ላይ ስታለቅስ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ልብሷ ተቀድዶ፣ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ እንጥላታለን፤ «ቤተሰቦቿን የምታውቁ» ብለን። አዝነን ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያ ቪዲዮ መንደሯ ይደርሳል። እሷ ትድናለች፤ ቪዲዮው አይድንም። ለመርዳት ከፈለጋችሁ ስሟንና ያለችበትን ቦታ ለእኛ በድምፅ መልእክት ላኩልን፣ ይበቃል።

ከዚያ ክፍሉን ቀለል አድርጉ። አሥር ሰው ከቦ አይመክርም፤ ሁለት ሰው ይበቃል፣ እሷ የምትወዳቸው። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። የምትሰማውን ድምፅ «ውሸት ነው» ብላችሁ አትከራከሯት፣ «አዎ እኔም ሰምቻለሁ» ብላችሁም አትዋሹላት። «እኔ አልሰማሁም፣ አንቺ ግን እንደፈራሽ ይገባኛል» በሏት። ውኃ ስጧት፤ ተመርዟል ብላ ከፈራች የታሸገውን ስጧትና ራሷ ትክፈተው። አትሰሯት። ደሴዋን በኋላ የረዳሽ ምን ነበር ስላት፣ ያቺ ትንሿ ልጅ እጆቿ ታስረው ሳሉ ምንም ሳትናገር አጠገቧ ተቀምጣ ፀጉሯን ሹሩባ እንደሠራችላት ነገረችኝ። እኔ ያን ጊዜ ይህን ሳይ «አሁን ሹሩባ ምን ይሠራል» ብዬ ተቆጥቼ ነበር።

ወዲያው ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ነገሮች አሉ። ትናንት ደህና የነበረች ሴት ዛሬ ቀኑን ቦታውን ከሳተች፣ ትኩሳት ካላት፣ አንገቷ ከደረቀ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ጭንቅላቷን ተመትታ ከነበረ፣ የስኳር ሕመም ካለባት፣ ይህ የአእምሮ ሕመም ላይሆን ይችላል፤ ገዳይ የሰውነት በሽታ ሊሆን ይችላል። እንዲያው እንጸልይላት ብላችሁ አታሳድሯት። እየጸለያችሁ ውሰዷት።

አራስም እንደዚያው ናት። እዚህ ቤሩት ውስጥ ስንቶቻችን በየክፍሉ፣ ያለ እናት፣ ያለ ገንፎ እንወልዳለን። በወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ጭራሽ መተኛት ያቃታት፣ ግራ የተጋባች፣ ሕፃኑ የእኔ አይደለም ወይም ክፉ ነገር አለበት የምትል ሴት ካለች እሷም ሕፃኑም አደጋ ላይ ናቸው። ይህ በሽታ ነው፣ ድንገት ይመጣል፣ በሕክምናም ይድናል። አገር ቤት አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ለምን ስንል ይለክፋታል ይሉናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን እናቶቻችን አለመተዋቸው ልክ ነበር። እዚህም አትተዉአት፤ ተራ ግቡላት።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው፤ ክፍያ አይጠይቅም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ ወይም የሚያናግሩት ሰው ሲያስፈልግ 1564 አለ፤ ኢምብሬስ የሚባለው ድርጅት ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴሩ ጋር ሆኖ የሚያካሂደው ነው። አማርኛ አትጠብቁ፤ ዓረብኛው ከተያዘባችሁ ዓረብኛ የምትችል እህት አጠገባችሁ ትሁን። ሆስፒታሉ መያዣ ገንዘብና ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዚህ ነው አስቀድማችሁ ለእኛም ደውሉ የምለው፤ ቁጥራችን በሩ ላይ ተለጥፏል። ኢቃማ የለኝም፣ መድረሻዬ እስር ቤት ነው የምትሉ አላችሁ። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ እኛም አራታችን ደሴዋን ያሰርናት በዚያ ፍርሃት ነው። ሐኪም ቤት ስትሄድ ዓረብኛ የምትችል ሰው አብራት ትሂድ፤ መቼ እንደጀመራት፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛች፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደች በወረቀት ጻፉላት። ሐኪሙ ከማዳም አፍ ብቻ ከሰማ የሚሰማው የማዳምን ታሪክ ነው።

ይህ ንግግር በመጽሔቱ ይታተማል ብለውኛል። ስለዚህ እሑድ ለማትወጡትም አንድ ነገር ልበል። እናንተ ከማንም በላይ ታያላችሁ። ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ጠዋት ጠዋት ሰላም የምትልሽ ልጅ ሦስት ቀን ካልወጣች፣ ወይም ወጥታ ሰላምታሽን ካልመለሰች፣ ያን ማወቅሽ ትልቅ ነገር ነው። የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ ስልክ በምታገኚበት ቀን ላኪልን።

ስለ ፀበል ትጠይቁኛላችሁ፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ነውና ቀድሜ ልመልሰው። እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ እናንተ ውስጥ ኦርቶዶክስ አለሽ፣ ሙስሊም አለሽ፣ ጴንጤ አለሽ። ፀበሉን ተጠመቂ፣ ቁርኣኑን አስቀሪ፣ ጸሎቱን አስጸልዪ። እኔ የምለምነው ኪኒኑን አትጣይ ነው። ኤች አይ ቪ በአገራችን ሰው ሲጨርስ ፀበል የገባ መድኃኒት አይወስድም ተብሎ ስንቱ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ ብለው አስተማሩ፤ ብዙ ሰው ተረፈበት። ለአእምሮ ሕመምም እንጦጦ ማርያም ፀበል ቦታ የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት አብረው የሠሩበት ሥራ አለ። እግዚአብሔር ከሁለቱ አንዱን ብቻ ፈጠረ ያለን ማን ነው?

መድኃኒቱ ያወፍራል፣ ያፈዛል፣ አፍ ያደርቃል። እውነት ነው፣ አልክድም። የባሰባት ለሐኪሙ ትንገር፤ ይቀይርላታል፣ መጠኑን ይቀንስላታል። ተሽሎኛል ብላ በራሷ ስታቆም ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። መርፌ ሆኖ በወር አንዴ የሚሰጥም አለ፤ ኪኒን መደበቅ ለሚከብዳት ሴት ጥሩ ነው።

አንድ ሌላ ልማዳችን አለ፤ እሱን ሳልናገር አልወርድም። እህት ስትታመም የምናውቀው መፍትሔ ትኬት ነው። መዋጮ እናወጣለን፣ በሁለት እሑድ ገንዘቡ ይሞላል፣ እንልካታለን፣ ተገላገልን። ለአንድ ወር መድኃኒት አዋጡ ሲባል ግን ኪስ ይጠፋል። ድምፅ እየሰማች ያለች ሴት ብቻዋን አውሮፕላን ላይ ትሳፈራለች፤ ቦሌ ስትወርድ የሚቀበላት እናቷ ናት፤ ማንም አልነገራትም፤ ሻንጣና ብር ስትጠብቅ ይህችን ታገኛለች። መሄዷ ክፉ አይደለም። ብዙዎቹ አገራቸው ገብተው ነው የሚያገግሙት። ግን መጀመሪያ ትታከም፣ እንቅልፏ ይመለስ። ከዚያ ከቤተሰቧ አንድ ልበ ሰፊ ሰው ይነገረው፤ የመድኃኒቱ ስም ተጽፎ በእጇ ይያዝ፤ ቢያንስ ለሳምንታት የሚበቃት ይኑራት። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሁላችሁም ስሙን ለስድብ ነው የምታውቁት፤ «አማኑኤል ይወሰድ» እንላለን አይደል። ሰው የሚታከምበት ቤት ነው። ከአረብ አገር ታመው ለተመለሱ ሴቶች መጠለያ ሲሰጥ የቆየ አጋር የሚባል ድርጅትም አለ። ደሴዋ ዛሬ ደሴ ናት። መርፌዋን በየወሩ ትወጋለች፤ ጀበና አስቀምጣ ቡና ትሸጣለች። በደህና ቀን ትደውልልኛለች፤ ደህና ባልሆነች ቀን ታናሽ እህቷ ትደውልልኛለች።

ቤልጂየም ውስጥ ጌል የምትባል ከተማ አለች። ቅድስት ዲምፍና የተቀበረችባት ናት፤ የአእምሮ ሕሙማን ጠባቂ ብላ ቤተ ክርስቲያናችን የምታከብራት። ከጥንት ጀምሮ ሕሙማን ለመሳለም ይመጡ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሞላ የከተማው ሰው ወደ ቤቱ ያስገባቸው ጀመር። አብረው ይበላሉ፣ አብረው እርሻ ይሠራሉ። ከ700 ዓመት በላይ ይህ ልማድ አልተቋረጠም፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በዚያች ትንሽ ከተማ ከ3,500 የሚበልጡ ሕሙማን በየቤቱ ይኖሩ ነበር። «ፈረንጅ ሀብታም ነው ይችላል» እንዳትሉኝ፣ እነዚያ ገበሬዎች ነበሩ። እኛም ጋ ጉራጌ፣ ሶዶ ውስጥ፣ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች ቤት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች እየተመላለሱ አብረዋቸው እንዲሠሩ ተሞክሯል፤ ቤተሰቡን ያስረዳሉ፣ ሕመምተኛውን ወደ ገበያና ወደ እርሻ ያወጡታል፣ ጎረቤቱን ያነጋግራሉ። በዓመቱ ሲታዩ መድኃኒት ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸው ተሻሽሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ታተመ። እነዚያ የሠለጠኑት ሰዎች ሐኪም አልነበሩም።

አሁን አውሮፕላኑ ሦስተኛ ጊዜ አቋረጠኝ፤ ሲስተርም ሰዓት እያዩ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ በሰው ፊት የማይጠየቅ ከሆነ ቆይታችሁ ጠይቁኝ።

በሚቀጥለው እሑድም ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ ነኝ፣ ሲገባ በስተግራ ያለችው ትንሿ ክፍል። እኔ ስናገር ፊቷ የመጣባችሁ እህት ካለች ይዛችሁልኝ ኑ። «አማካሪ ዘንድ ልውሰድሽ» ካላችኋት አትመጣም፤ እኔም ብሆን አልመጣም ነበር። ቡና አለ በሏት። ቡናው እውነት ነው። ሲኒው ግን አሥራ ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ ሲኒ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።